በምንመገባቸው የቅመም ቅጠሎች ውስጥ ስላሉ ተፈጥሯዊ መርዞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጠይቁ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ «በሶብላ ካንሰር ያመጣል» የሚል ነገር አንብቦ ቅጠሉን ከድስቱ ያስቀረ ሰው ነው። ሌላው «ከተክል የተገኘ ነገር አይጎዳም» ብሎ መዓዛማ ዘይት በማንኪያ የሚጠጣ ነው። የመጀመሪያው ልቡ እንዲረጋ እፈልጋለሁ፤ ለሁለተኛው ግን በጣም እሠጋለታለሁ። በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበው የምናገኛቸው ከባድ መመረዞች ምግብ ላይ ከተነሰነሰ ቅጠል የመጡ አይደሉም። ምንጫቸው የዘይት ጠርሙስ፣ ከሜዳ ተሳስቶ የተለቀመ ቅጠል፣ ወይም መጠኑን ያለፈ መጠጥ ነው።

የምንመገባቸው የቅመም ቅጠሎች በእርግጥ መርዝ አላቸው?

አዎ፣ አላቸው። ተክል ጠላቱን ሸሽቶ ማምለጥ ስለማይችል ከነፍሳት፣ ከፈንገስና ከሚግጡት እንስሳት ራሱን የሚከላከለው በሚያመርታቸው ኬሚካሎች ነው። የበሶብላ ሽታ፣ የጦስኝ ማቃጠል፣ የናና ቅዝቃዜ ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ መከላከያ ነው። አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ብሩስ ኤምስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አሜሪካውያን ከምግባቸው ጋር ከሚወስዷቸው ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በክብደት 99.99 በመቶ የሚሆኑት ተክሎች ራሳቸው የሚያመርቷቸው መሆናቸውን አስልተዋል። ይህ አኃዝ ሊያስደነግጠን አይገባም። ጉበትና ኩላሊታችን እነዚህን ነገሮች በጥቂት በጥቂቱ እየሰባበሩ ሲያስወግዱ የኖሩ መሆናቸውን ነው የሚነግረን።

ታዲያ አንድ ቅጠል አደገኛ የሚሆነው መቼ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ መልኩ ሲለወጥ ነው። ቅጠሉ ቅጠል እንደሆነ ሲቆይ ጣዕሙ ራሱ ይጠብቀናል፤ መራራ ወይም የሚያቃጥል ቅጠል በእፍኝ የሚበላ ሰው የለም። ያው ቅጠል ተነጥሮ ዘይት ሲሆን፣ ተፈጭቶ በእንክብል ሲታሸግ፣ በአልኮል ተዘፍዝፎ ሲጠጣ ወይም በብዛት ተቀቅሎ ለወራት በየቀኑ ሲወሰድ ግን ያ ጥበቃ ይጠፋል። ስለዚህ «ይህ ተክል መርዛማ ነው ወይ?» ከማለት በፊት በምን መልክ፣ ምን ያህል፣ ለስንት ጊዜና ለማን የሚለውን መጠየቅ ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ በእነዚህ አራት ነገሮች ላይ የቆሙ ናቸው።

በሶብላ ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

የወሬው መነሻ እውነተኛ ጥናት ነው፤ ከጥናቱ የተወሰደው ድምዳሜ ግን ከልኩ አልፏል። በሶብላ ውስጥ ኤስትራጎልና ሜቲል ዩጂኖል የሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች አሉ። ኤስትራጎል በታራጎን፣ በእንስላልና በአኒስም ይገኛል፤ ሜቲል ዩጂኖል ደግሞ በገውዝ ውስጥም አለ። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ብቻቸውን ተነጥለው በከፍተኛ መጠን ለአይጦች ሲሰጡ የጉበት ዕጢ አስከትለዋል። ጉዳቱን የሚያደርሰው ንጥረ ነገሩ እንዳለ አይደለም። በመጀመሪያ የጉበት ኢንዛይሞች መልኩን ይለውጡታል፣ ቀጥሎ ሌላ ኢንዛይም ሰልፌት ይጨምርበታል፣ ከዚያ የሚወጣው ያልተረጋጋ ውሁድ ከዲ ኤን ኤ ጋር ይጣበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሜቲል ዩጂኖልን እ.ኤ.አ. በ2013 «ምናልባት በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚለው ምድብ አስገብቶት ነበር፤ በ2023 ደግሞ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ «በሰው ላይ ካንሰር የማምጣት ዕድሉ የሰፋ ነው» ወደሚለው አዛውሮታል። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። የተቋሙ ምድቦች የሚለኩት የማስረጃውን ጥንካሬ ነው፤ በሳህን ላይ ያለው ሦስት ቅጠል ምን ያህል እንደሚጎዳ አይናገሩም።

ተቆጣጣሪዎች የወሰዱትን እርምጃ ስናይ ሚዛኑ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ሁለቱንም ንጥረ ነገሮች በንጹህ መልካቸው ምግብ ላይ መጨመርን ከልክሏል፤ በተወሰኑ የምግብ ዓይነቶች ላይም የመጠን ጣሪያ አስቀምጧል። ነገር ግን ምግቡ ጣዕሙን ያገኘው ከትኩስ፣ ከደረቀ ወይም በበረዶ ከተቀመጠ ቅጠልና ቅመም ብቻ ከሆነ ጣሪያው አይመለከተውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2018 በፋብሪካ የተሠራውን ሜቲል ዩጂኖል ከተፈቀዱ ማጣፈጫዎች ዝርዝር ሲያወጣ፣ በጥቅም ላይ በነበረው መጠን ለጤና ያሰጋል ብሎ እንዳልሆነና ሕጉ ስለሚያስገድደው መሆኑን ገልጿል።

ሁለት ተጨማሪ ነገሮች መታወቅ አለባቸው። በሶብላ ውስጥ ኔቫዴንሲን የሚባል ሌላ ውሁድ አለ፤ በቤተ ሙከራ ሲታይ ያንን ሰልፌት ጨማሪ ኢንዛይም ይገታል። ስለዚህ ሙሉው ቅጠል ተነጥሎ ከወጣው ኬሚካል ጋር አንድ አይደለም። ሁለተኛ፣ በኢጣሊያ በጄኖቫ በሶብላ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ቁመታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ለጋ ተክሎች በሜቲል ዩጂኖል የበለጸጉ ሲሆኑ፣ ከፍ ሲሉ በአብዛኛው ዩጂኖል የተባለው የቅርንፉድ ሽታ ያለው ውሁድ ይተካዋል። በቤት የሚያበቅሉ ከሆነ ተክሉ ትንሽ ከፍ እስኪል ቢጠብቁ ጥሩ ነው። የእኔ አቋም ይኸው ነው፤ ቅጠሉን በምግብዎ ላይ ያለ ሥጋት ይጠቀሙበት፣ የበሶብላ ዘይትና እንክብል ግን በአፍ አይውሰዱ።

ሴጅና አሪቲ ነርቭ ይጎዳሉ የሚባለውስ?

በሁለቱም ውስጥ ቱጆን የሚባል ውሁድ አለ። ቱጆን አንጎል ራሱን የሚያረጋጋበትን መንገድ ስለሚዘጋ መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያስነሣል። የሴጅ ዘይት በመጠጣት እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ የደረሰባቸው አዋቂዎችና ሕፃናት በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። በአሪቲ የሚሠራው አብሲንት የተባለ መጠጥ በስዊዘርላንድ በ1910፣ በፈረንሳይ በ1915 የታገደው በዚሁ ፍርሃት ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ግን ለጠጪዎቹ መታወክ ዋናው ምክንያት አልኮሉ ራሱ እንደሆነ ያመለክታሉ። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት ከአሪቲ ወገን የሚሠራ የአልኮል መጠጥ በኪሎ ግራም ከ35 ሚሊ ግራም በላይ ቱጆን እንዲይዝ አይፈቀድም፤ ለሌሎች የአልኮል መጠጦች ጣሪያው 10 ሚሊ ግራም ነው።

ምግብ ውስጥ የገባ የሴጅ ቅጠል አያሳስብም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ግን ሴጅንም ሆነ አሪቲን በብዛት አፍልቶ መጠጣት የለበትም፤ ዘይታቸውንማ ፈጽሞ መቅመስ አይገባውም።

ናና ደህና ነው?

የተለመደው የምግብ ናና ደህና ነው። የምፈራው የቅርብ ዘመዱን ፔኒሮያልን ነው። ሲያዩትም ሲያሸቱትም ናና ነው የሚመስለው፤ ዘይቱ ግን በአብዛኛው ፑለጎን ከተባለ ውሁድ የተሠራ ነው። ጉበት ፑለጎንን ሲሰባብር ሜንቶፉራንና ሌሎች መርዘኛ ውሁዶች ይወጣሉ፤ እነዚህም ጉበት ራሱን የሚከላከልበትን ግሉታቲዮን አሟጥጠው ሕዋሳቱን ይገድላሉ። የፓራሲታሞል መመረዝ ጉበትን የሚጎዳውም በተመሳሳይ መንገድ ስለሆነ ሐኪሞች ለፓራሲታሞል የሚሰጠውን ማርከሻ ይሞክራሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ያህል የፔኒሮያል ዘይት ሰው ገድሏል። ከሟቾቹ መካከል ፅንስ ለማስወረድ ብለው የጠጡ ወጣት ሴቶች ይገኙበታል። ይህንን ስጽፍ ልቤ ያዝናል፤ ዘይቱ ፅንስ ለማስወረድ በሚበቃ መጠን ሲወሰድ እናቲቱን የሚገድልበት መጠን ላይ ይደርሳልና።

ከመዓዛማ ዘይት ጥቂት ጠብታ ምግብ ላይ ብጨምርስ?

እኔ አልመክርም። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለመሙላት እጅግ ብዙ ቅጠል ይነጠራል፤ በጠብታዋ ውስጥ ያለውን ያህል ቅጠል አንድ ሰው ባንድ ማዕድ ሊበላ አይችልም። መጠኑን ለመረዳት የዊንተርግሪን ዘይትን ይመልከቱ። ቅጠሉ ማጣፈጫ ሆኖ የኖረ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይቱ፣ 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ 7 ግራም ገደማ አስፕሪን የመዋጥ ያህል ነው። ይህ መጠን ሕፃን ይገድላል። የባሕር ዛፍ ዘይትና ካምፎርም በሕፃናት ላይ በጥቂት ሚሊ ሊትር መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ያስከትላሉ። ጠርሙሶቹ ጥሩ ሽታ ስላላቸው ልጆችን ይስባሉ፤ ስለዚህ ቦታቸው ከመድኃኒት ጋር፣ ተቆልፎ ነው።

ቀረፋና ገውዝ ቅጠል ባይሆኑም ይጠየቃሉ።

እውነት ነው፣ ስለ እነርሱ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ካሲያ በተባለው የቀረፋ ዓይነት ውስጥ ኩማሪን የሚባል ውሁድ በብዛት አለ፤ በሴሎን ቀረፋ ውስጥ ግን እምብዛም ነው። ኩማሪን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጉበትን ያውካል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በየቀኑ ቢወሰድ አይጎዳም ብሎ ያስቀመጠው መጠን በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊ ግራም ነው። የጀርመን የሥጋት ምዘና ተቋም ይህንን ወደ ማንኪያ ሲመነዝረው፣ 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በቀን 2 ግራም፣ 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ደግሞ በቀን ግማሽ ግራም የካሲያ ዱቄት ሲወስድ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። አልፎ አልፎ ከዚያ ቢበልጥ ችግር የለውም። በየቀኑ ገንፎ ላይ በማንኪያ የሚነሰንስ ወይም በእንክብል የሚወስድ ሰው ግን ወደ ሴሎኑ ቢዞር ይሻለዋል። እንጨቱን ይዘው ካዩት መለየት አያስቸግርም፤ ካሲያ ወፍራም አንድ ንጣፍ ሆኖ ይጠቀለላል፣ ሴሎኑ ግን እንደ ወረቀት የሳሱ ብዙ ንጣፎች ተደራርበውበት በጣት ሲጫኑት ይሰባበራል።

ገውዝን በተመለከተ ከምግብ ላይ ቁንጥር አትጎዳም። ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ 5 ግራም የሚሆን ዱቄት ግን የልብ ምት መፍጠን፣ ማቅለሽለሽ፣ ድንጋጤና የሌለ ነገር ማየት ያስከትላል። ስሜቱ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ «አልሠራም» ብለው የሚደግሙ ወጣቶች አሉ፤ አደጋውም ከዚያ ይመጣል።

ጤና አዳም ወይም ሰለሪ ከነካሁ በኋላ ቆዳዬ ተቃጠለ። አለርጂ ነው?

ምናልባት አለርጂ ላይሆን ይችላል። ጤና አዳም፣ ሰለሪ፣ ፓርስሊና መሰል ተክሎች ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውሁዶችን ይይዛሉ። ጭማቂያቸው ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያርፍበት ጨረሩ ውሁዱን ያነቃዋል፤ ውሁዱም በቆዳ ሕዋሳት ዲ ኤን ኤ ላይ ይጣበቃል። ለዚህ ዓይነቱ ቃጠሎ የማንም ሰው ቆዳ ሊጋለጥ ይችላል፤ የአለርጂ ዝንባሌ አያስፈልገውም።

የሚለይበት ምልክት አለው። በነኩበት ቅጽበት ምንም አይሰማም። ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ይለበልባል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይበረታል። ቅርጹ ደግሞ እንግዳ ነው፤ ቅጠሉ የታሸበት ጣት፣ ጭማቂው የወረደበት ቀጭን መስመር፣ ግንዱ የጠረገው የክንድ ገጽ ሆኖ ይታያል። ቁስሉ ሲድን ቡናማ ጥላ ትቶ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቆያል። በልጆች ላይ ሲታይ ሰው ሆን ብሎ ያቃጠላቸው እየመሰለ ወላጆች የሚጠረጠሩበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ባለፉት ሁለት ቀናት ልጁ የነካውን ተክል መናገር ይጠቅማል። መከላከያው ቀላል ነው። ጤና አዳምን ፀሐይ ላይ ሲቆርጡ ጓንትና ረጅም እጅጌ ይልበሱ፤ ከነኩ በኋላም ወዲያው በሳሙና ይታጠቡ። የሻገተ ሰለሪ ከጤነኛው የበለጠ ፉራኖኩማሪን ስለሚያመርት ይጣል።

ነፍሰ ጡር ነኝ። የትኞቹን ልተው?

በምግብ መጠን የሚጨመሩት በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ሮዝመሪ፣ የድምብላል ቅጠልና ፓርስሊ አያሳስቡም። መተው ያለባቸው የሚከተሉት ናቸው። ጤና አዳም ማሕፀንን የማነሣሣት ባሕርይ ስላለው በማንኛውም የመጠጥ መልክ አይወሰድ። ፔኒሮያልና አሪቲም እንዲሁ። ፓርስሊ ለምግብ ሲሆን ደህና ነው፤ አፒዮልና ሚሪስቲሲን የተባሉ ውሁዶች ስላሉት ግን ዘይቱና በጣም የወፈረ ፍሉው መቅረት አለበት። ሴጅ በብዛት ተፈልቶ አይጠጣ። ማንኛውም መዓዛማ ዘይት በአፍ አይወሰድ። ጥርጣሬ ካለ የእርግዝና ክትትል ወደሚያደርጉበት ሐኪም ወይም አዋላጅ ቅጠሉን ይዘው ይሂዱ፤ ስሙን ከመናገር ማሳየቱ ይበልጣል።

ሕፃኑ ሆዱን ሲያመው የእንስላል ወይም የአኒስ ሻይ ልስጠው?

አይስጡት። የአውሮፓ የመድኃኒቶች ኤጀንሲ የእንስላል ፍሬ ሻይ ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንደማይመከር ይገልጻል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ከላይ ያነሣነው ኤስትራጎል ነው። አንዲት ኩባያ ለአዋቂ ትንሽ ብትሆንም ለአምስት ኪሎ ሰውነት ብዙ ናት።

ባለ ኮከብ ቅርጹ አኒስ ደግሞ የባሰ ጣጣ አለው። የቻይናው ዓይነት የሚበላ ነው። የጃፓኑ ዓይነት አኒሳቲን የተባለ የነርቭ መርዝ ይዟል፤ ሁለቱ ሲደርቁ በዓይን ለመለየት እጅግ ያስቸግራሉ፣ ሲፈጩማ ጨርሶ አይለዩም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2003 ማስጠንቀቂያ ያወጣው 40 የሚሆኑ ሰዎች በኮከብ አኒስ ሻይ ከታመሙ በኋላ ነበር፤ ከእነርሱ 15ቱ ገደማ ሕፃናት ናቸው። ትውከት፣ የዓይን መቅበዝበዝና መንቀጥቀጥ ታይቶባቸዋል። ሆዱን ለሚያመው ሕፃን ብለን የምንሰጠው ነገር ወደዚህ ሊያደርሰው እንደሚችል እያወቅን መድፈር የለብንም።

በደረቀ ኦሬጋኖ ውስጥ የጉበት መርዝ ተገኘ የሚባለው ምንድን ነው?

ስሙ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ ነው። ኦሬጋኖ ራሱ አያመርተውም፤ በማሳው ውስጥ አብረው የሚበቅሉ አረሞች አብረው ሲታጨዱ ይቀላቀሉበታል። ደርቀው ከተሰባበሩ በኋላ አረሙንና ኦሬጋኖውን የሚለይ ዓይን የለም። አልካሎይዱ የጉበትን ትናንሽ የደም ሥሮች እያቆሰለ ይዘጋል፤ ጥቂት ጥቂት ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም የካንሰር ሥጋት አለው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ምዕራብ አፍጋኒስታን ሄሊዮትሮፕ የተባለ አረም ፍሬ ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ ብዙ ሰዎች በዚህ የጉበት በሽታ ተጠቅተዋል፤ ብዙዎችም ሞተዋል።

የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ጣሪያ አስቀምጧል። ለደረቁ የቅመም ቅጠሎች በኪሎ ግራም 400 ማይክሮ ግራም፣ ለኦሬጋኖ፣ ለማርጆራምና ለቦራጅ 1,000 ማይክሮ ግራም ነው። ገዢው በቤቱ ይህንን መመርመር ባይችልም ምርጫ አለው፤ ምንጩ የተጻፈበትን መግዛት፣ ከዱቄቱ ይልቅ ሙሉውን ቅጠል መምረጥ፣ ሁልጊዜ ከአንድ አምራች አለመግዛት።

ቦራጅና ኮምፍሪ የተባሉት ተክሎች ግን መርዙን ራሳቸው ያመርቱታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2001 አምራቾች ኮምፍሪን ከሚዋጡ ተጨማሪ ምግቦች እንዲያወጡ አሳስቧል። ኮምፍሪን ጨርሶ አለመብላት ነው የሚሻለው።

የቅመም ቅጠል ከሜዳ ብለቅምስ?

ተክሉን ከልጅነቱ እስከ ፍሬው የማያውቁት ከሆነ አይልቀሙ። እዚህ ላይ ጠንከር የምለው ስሕተቱ ሁለተኛ ዕድል ስለማይሰጥ ነው።

የፓርስሊ ቤተሰብ ውስጥ ሄምሎክ አለ፤ ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 የተገደለበት ተክል ነው። ኮኒን የተባለው መርዙ ጡንቻን ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ እያሽመደመደ መጨረሻ ላይ ትንፋሽን ያቆማል። ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ፣ አበባው ነጭ ጃንጥላ መሳይ ስለሆነ ከብዙ የሚበሉ ዘመዶቹ ጋር ይመሳሰላል። ሲጠጉት ግንዱ ባዶ፣ ልሙጥና ጠጉር አልባ ነው፤ ላዩ ላይ ሐምራዊ ጠቃጠቆ ተረጭቶበታል፤ ቅጠሉ ሲታሽ የአይጥ ሽንት የመሰለ የሚያስጠላ ሽታ አለው። ይህንን ለማየት ብለው ግን በባዶ እጅ አይሹት።

ከዱር ነጭ ሽንኩርት ጋር የሚምታቱት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ የልብ መርዝ ያለው የሸለቆ አበባና ኮልቺሲን የያዘው የበልግ ክሮከስ። ብዙ ሰው «አሽቼ እለያለሁ» ይላል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቅጠሎች ላይ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ሽታው ከእጅ ላይ ስለማይለቅ የሚነኩት ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። በአንድ እፍኝ መካከል የገባች አንዲት የክሮከስ ቅጠል በዚህ መንገድ ታመልጣለች። ኮምፍሪ ፈልገው ፎክስግላቭ የለቀሙም አሉ፤ የፎክስግላቭ ቅጠል የልብ ምትን ያዛባል።

ቅጠል ወይም ነጭ ሽንኩርት በዘይት ነክሬ ባስቀምጥ ችግር አለው?

አለው። በዚህ ገጽ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ይህ ቢነበብልኝ በጣም ደስ ይለኛል፤ ጠያቂው ጥቂት፣ አደጋው ግን ትልቅ ነውና። መርዙ የተክሉ አይደለም፤ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ የሚሠራው ነው። የባክቴሪያው ስፖር፣ ማለትም ዘር መሰሉ ጠንካራ መልኩ፣ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ከቅጠልና ከነጭ ሽንኩርት ጋርም ይመጣል። እጥበት ሙሉ በሙሉ አያስለቅቀውም፤ የሚፈላ ውኃም አይገድለውም። አየር ባለበት አይባዛም። ዘይት ውስጥ ግን አየር የለም፣ አሲድ የለም፣ ከትኩሱ ቅጠል የወጣ እርጥበት አለ፤ ብልቃጡ በክፍሉ ሙቀት ከተቀመጠ የሚፈልገውን ሁሉ አገኘ ማለት ነው። የሚሠራው መርዝ በዘይቱ ላይ ሽታም ሆነ የቀለም ለውጥ ላያሳይ ይችላል።

በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር በዘይት የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎችን ይህ መርዝ በሚያመጣው ቦቱሊዝም በተባለ በሽታ አሳምሟል። በ1989 በአሜሪካ ሌላ ተመሳሳይ አደጋ ከደረሰ በኋላ፣ እንዲህ ያለ ምርት ለሽያጭ ሲዘጋጅ አሲድ እንዲጨመርበት ግዴታ ሆነ። በቤት ሲሠራ መመሪያው አጭር ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ በ4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ያስቀምጡ፣ ከ4 ቀን በኋላ የተረፈውን ይድፉ። ለረዘመ ጊዜ ከፈለጉ በረዶ ያድርጉት። ሙሉ በሙሉ የደረቀ ቅጠል እርጥበት ስለሌለው ከትኩሱ ያነሰ ሥጋት አለው። የዓይን ቆብ መውደቅ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የምላስ መኮላተፍና ለመዋጥ መቸገር ከታየ፣ ምግቡ የተበላው ከቀናት በፊት ቢሆንም እንኳ፣ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ማጠብ፣ ማድረቅ ወይም ማብሰል መርዙን ያጠፋዋል?

እንደ መርዙ ዓይነት ይለያያል። ማጠብ አፈርና ነፍሳትን ያስወግዳል፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ግን አይነካም። ክፍት ድስት ውስጥ ሲበስል በቀላሉ የሚተኑት መዓዛማ ውሁዶች በከፊል ይበናሉ። ፒሮሊዚዲን አልካሎይድና ኩማሪን ሙቀት ይቋቋማሉ። የቦቱሊዝም መርዝ በደንብ ሲፈላ ይበላሻል፤ ይህንን ተማምኖ የተጠረጠረ ምግብ አፍልቶ መብላት ግን ከባድ ስሕተት ነው።

የሻገተ ደረቅ ቅጠል ወይም ቅመም ሻጋታውን አራግፌ ብጠቀምስ?

ይጣሉት። የሚታየው ሻጋታ ቢራገፍም እንደ አፍላቶክሲን ያለው የሻጋታ መርዝ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይቀራል፣ በማብሰልም አይጠፋም። አፍላቶክሲን በሰው ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው።

የደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ። ቅጠሎችን ልተው?

መተው አያስፈልግም፤ መጠኑን አለመለዋወጥ ነው ዋናው። ፓርስሊ፣ የድምብላል ቅጠልና በሶብላ በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ስለሆኑ በድንገት በብዛት ሲበሉ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ሥራ ያዳክማሉ፤ በድንገት ሲተዉም በተቃራኒው ይሆናል። አመጋገብዎን ለመለወጥ ካሰቡ አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ።

መመረዝ ከጠረጠርኩ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሰውዬው ራሱን ከሳተ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ ከቸገረው የድንገተኛ እርዳታ ይጥሩ። ካልሆነም ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፤ ኮልቺሲንና የፔኒሮያል ዘይት ለሰዓታት ዝም ብለው ወይም በቀላል የሆድ ሕመም ጀምረው በኋላ የሚበረቱ ናቸው። አፉ ውስጥ የቀረውን ቅጠል አስተፍተው በውኃ ያጉመጥሙት። እንዲያስታውክ ለማድረግ አይሞክሩ፤ በተለይ ዘይት የጠጣ ሰው ሲያስታውክ ዘይቱ ወደ ሳንባ ገብቶ ሁለተኛ ጉዳት ያደርሳል። ወተትም ማርከሻ አይደለም።

ወደ ሕክምና ሲሄዱ ጠርሙሱን ከነጽሑፉ፣ ተክል ከሆነም ቅጠሉን፣ ግንዱንና ከተገኘ አበባውን በወረቀት ጠቅልለው ይውሰዱ። የተበላው ምግብ ከተረፈም አይድፉት። ሐኪሙ የሚጠይቅዎ አራት ነገር ነው፤ ምን እንደተወሰደ፣ ምን ያህል እንደተወሰደ፣ በስንት ሰዓት እንደተወሰደና የታመመው ልጅ ከሆነ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን።